ባሕሩ የሚመጣበት ሰዓት

አከራዬ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን፣ በክር የተንጠለጠለች ቀጭን ደብተር ነበረች። መዳፍ ታክላለች። ውስጧ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀን፣ ሰዓትና ሜትር። መጀመሪያ ሳያት የጸሎት መጽሐፍ መስላኝ ነበር። ሴትዮዋ ሻይ ከቀዱልኝ በኋላ ደብተሯን ከምስማሩ አውርደው እንዴት እንደምትነበብ አሳዩኝ። ባሕሩ ዛሬ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ነገ በስንት እንደሚሞላ፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚል። ከዚያ ደብተሯን ሰጥተው ጠየቁኝ። መለስኩ። የቤቱን ቁልፍ የሰጡኝ ያኔ ነው።

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ጥቅምት 2015 ነው። ለማስተርስ ላንካስተር የሄድኩበት ዓመት። ላንካስተር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዩኒቨርሲቲዋ ነው። እኔ የኖርኩት ግን ጎረቤቷ ሞርካም ነው። በባቡር አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው።

እዚያ ለመኖር አስቤ አልነበረም። ቪዛዬ ዘገየ። በኢንተርኔት የተከራየሁት የላንካስተር ክፍል እስክደርስ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ሁለት ሻንጣ ይዤ ዝናብ ላይ ቆምኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እዚያ ተማሪው የሚቀጥለውን ዓመት ቤት የሚፈልገው ገና ኅዳር ላይ ነው። ጥሩ ጥሩው ቤት አንድ ዓመት ሊቀረው ያልቃል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እንግሊዝ ለትምህርት የምትሄዱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከትምህርቱ በፊት ቤቱን ጠይቁ።

ካምፓሱ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አየሁ። አንድ ክፍል፣ ሞርካም፣ ጸጥተኛ ተማሪ ይመረጣል። ደወልኩ። በማግስቱ ያቺን ደብተር እያነበብኩ ነበር።

አከራዬ 78 ዓመታቸው ነበር። በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ነገሩኝ። አቃተኝ። አያቴን የሚያክሉ ሴት በባዶ ስም መጥራት አፌ እሺ አላለኝም። እንግሊዝኛ ደግሞ አንቺና እርስዎ የለውም። ለሳምንት ያህል ስማቸውን ሳልጠራ በዘዴ ሳወራ ቆየሁና በመጨረሻ «እማማ» ልበልዎት ወይ አልኳቸው። ትርጉሙን ነገርኳቸው። ደጋግመው አሉት። የእኔንም ስም ሁለቴ አስደግመውኝ፣ እንደሚሰሙት አድርገው በወረቀት ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። ከደብተሯ አጠገብ።

በአማርኛ ሁለቱንም ከተማ ነው የምንላቸው። እንግሊዞች ግን ይለያሉ። ላንካስተር «ሲቲ» ናት፤ ማዕረጉን ያገኘችው በ1937 ነው። ሞርካም «ታውን» ናት። ላንካስተር ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስል ግንብ አላት። ግንቡ እስከ 2011 ድረስ እስር ቤት ነበር። በ1612 ጠንቋዮች ናችሁ የተባሉ አሥር ሰዎች ተፈርዶባቸው የተሰቀሉትም እዚያው ከተማ ነው። ቤቶቹ ከድንጋይ የተሠሩ፣ ጥቁር ግራጫ፣ ቀጥ ያሉ ናቸው።

ሞርካም ሌላ ዓይነት ናት። በአንድ ወቅት የፋብሪካ ሠራተኛው ለዕረፍት የሚጎርፍባት የባሕር ዳርቻ ነበረች። ከብራድፎርድ ብዙ ሰው ይመጣ ስለነበር «በባሕር ዳር ያለችው ብራድፎርድ» ይሏት ነበር። እማማም በወጣትነታቸው እንግዳ የሚያሳድር ቤት ነበራቸው። ከዚያ ርካሽ አውሮፕላን መጣ። ሰው ዕረፍቱን ወደ ስፔን አዞረ። እኔ ስደርስ ከባሕሩ ፊት ለፊት ያሉ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። በ1933 የተሠራው ሚድላንድ ሆቴል ብቻ ታድሶ፣ ነጭ ሆኖ፣ እንደ መርከብ ጎበጥ ብሎ ባሕሩ አፍ ላይ ቆሟል።

የክፍል ጓደኞቼ ሞርካም እንደምኖር ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። «እዚያ ምን አለ?» ይሉኛል። ሁለት ዓመት ላንካስተር ኖረው አንዴ ብቻ፣ ያውም ለድንች ጥብስ፣ የሄዱ ነበሩ። ይህ ይከነክነኝ ነበር። ተማሪ ከተማውን የሚያውቀው በላይብረሪውና በጭፈራ ቤቱ በኩል ነው። ኪራይ ከፍሎ፣ ሦስት ዓመት ኖሮ፣ ዲግሪውን ይዞ ይሄዳል። ጎረቤት ያለው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ሳያውቅ።

ካምፓሱን ግን እወደው ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1964 የተመሠረተ ነው። ከመሀል ከተማው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣራ ያለው መተላለፊያ አለው። ተማሪው «ስፓይን» ይለዋል፤ አከርካሪ ማለት ነው። ያ ጣራ የተሠራው ለዝናቡ ነው። እንደ ሐምሌ የአዲስ አበባ ዝናብ ወርዶ የሚያባራ እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ከስፓይን ወጥቼ ባስ ላይ ፎቅ እወጣለሁ፣ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ላንካስተርን አቋርጬ፣ የሉን ወንዝን ተሻግሬ ሞርካም እገባለሁ። ሾፌሩ «ላቭ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ሁሉንም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። እኔ ግን የመጀመሪያ ቀን ልቤ ሞቆ ነበር የወረድኩት።

ወደ ታኅሣሥ ልምጣ።

በፈረንጆቹ ቅዳሜ ታኅሣሥ 5 ቀን ዴዝመንድ የሚሉት ማዕበል ያዘለ ዝናብ መጣ። ካምፓስ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋ የቡድን ሥራ እየሠራን ነበር። ባስ የለም ተባለ፤ እዚያው ልደር ወሰንኩ። የሉን ወንዝ ሞልቶ መሀል ከተማ ገባ። ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ መብራት ሄደ።

ወንዙ ዳር ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ውሃ ገብቶበት ነው። ላንካስተርና አካባቢው፣ 60 ሺህ ገደማ ቤት፣ ባንድ ጊዜ ጨለመ። የሚገርመው፣ ሞርካም ዳር ቆማችሁ ወደ ደቡብ ስታዩ የሄይሻም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ይታያል። ግን እዚያ የሚመነጨው ኃይል መጀመሪያ ወደ አገሪቱ ትልቁ መስመር ነው የሚገባው። ወደ ሰዉ ቤት የሚመለሰው በማከፋፈያው በኩል ነው። ማከፋፈያው ሰጠመ። ሰዉ ማመንጫው ደጅ ላይ ሆኖ በጨለማ አደረ።

በዚያ ፎቅ ላይ ሰባት ተማሪዎች ነበርን። ስድስቱ ደነገጡ። እውነተኛ ድንጋጤ ነው የምላችሁ። ምድጃው ኤሌክትሪክ፣ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ። ትንሽ ቆይቶ የስልክ ኔትወርክ ጠፋ። ኢንተርኔት ጠፋ። አንዱ ልጅ ስልኩን እያበራ እያጠፋ፣ መልእክት እንዳልተላከለት እያየ፣ መልሶ ይሞክራል። እዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ ሁሉን ነገር የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ባስ እንዴት ይከፈላል? ቆሻሻው የቱ ሰማያዊ የቱ ጥቁር ውስጥ ይጣላል? ለአስተማሪ ኢሜይል እንዴት ይጻፋል? ያን ሌሊት ግን የማውቀው ነገር መጣ። ስልካችሁን አጥፉ፣ የአንዱ ብቻ ይብራ አልኳቸው። ውሃ ቅዱ፣ ፎቅ ላይ ከሆንን ሊቋረጥ ይችላል አልኳቸው። ሁላችንም አንድ ክፍል እንግባ፣ በሩን ዝጉ፣ ትንፋሻችን ያሞቀናል አልኩ። ዝም ብለው እሺ አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ሱቆቹ ካርድ አይቀበሉም። ኤቲኤም አይሠራም። ከሰባታችን ጥሬ ገንዘብ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ያስለመደችኝ ነው፤ ከመጽሐፍ መሀል ትንሽ ብር ማስቀመጥ። 40 ፓውንድ ነበረኝ። ሻማ፣ ዳቦ፣ ሽንኩርትና ዘይት ገዛን። አንዱ ተራራ የሚወጣ ልጅ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ነበረው። መስኮት ከፍተን ሽሮ ሠራሁ። ለበዓል ብዬ ያስቀመጥኳትን ሽሮ፣ አንዷን ላስቲክ፣ ሙሉዋን። በዳቦ እያጠቀስን በላን። ወሬ ለመስማት አንዲት ልጅ የቆመ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ራዲዮ ከፈተች። የአካባቢው ጣቢያ በጄኔሬተር እየሠራ ነበር። አራታችን ተጣበን ገብተን መስኮቱ ጉም እስኪለብስ አዳመጥን። የቱ ድልድይ እንደተዘጋ፣ የት ትኩስ ምግብ እንደሚገኝ፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ጓደኛ የሆንነው። እስከዛሬ እንጻጻፋለን።

ዩኒቨርሲቲው ተርሙን ቀደም ብሎ ዘጋው። መሄድ የቻለ ሁሉ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ሞርካም ስመለስ እማማ በር ላይ ሆነው ጠበቁኝ። ሁለት ቀን እኔን ሲያስቡ ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል። «ስልክ አልነበረም እኮ» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉና ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም። ድንች በእሳቱ ላይ ጠብሰው አኑረውልኝ ነበር።

ክረምቱን ሞርካም ውስጥ አሳለፍኩት። ጎብኚ የለም፣ ተማሪ የለም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል አካባቢ መምሸት ይጀምራል ስላችሁ ማለቴ በእኛ ሰዓት ነው። በየቀኑ ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ። እንደ ሌላው ባሕር አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ ደግሞ እንዲሁ ትንሽ ፈቀቅ አይልም፤ ዓይን እስኪታክት ድረስ አሸዋ ብቻ ይሆናል። 310 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሰፊ ሜዳ ነው። ከማዶ የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ይታያሉ። የጠራ ቀን በረዶ ለብሰው። ሜዳውን ስታዩ በእግር ሄዳችሁ የምትደርሱባቸው ይመስላችኋል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንል የለ? ይህን ባሕር ሳላይ ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ ገብቶኝ ነበር ለማለት አልደፍርም። ማዕበል የለም፣ ድምፅ የለም። ከፊት ለፊትህ ሳይሆን ከኋላህ በቦዮቹ በኩል ይገባል። ስታዩት አሸዋው ገና ደረቅ ነው፤ መመለሻችሁ ግን ተዘግቷል። ዛሬ የጸናው አሸዋ ነገ ሰው ይውጣል። ቦዮቹም ቦታ ይቀያይራሉ። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል፤ ጨረቃን ስለሚከተል። ለዚህ ነው ደብተሯ ወጥ ቤት የተሰቀለችው።

የካቲት 5 ማታ እማማ መስኮት ላይ ሻማ አበሩ። በእነሱ ፌብሩዋሪ ነው። በ2004 በዚያች ሌሊት የሄሊኮፕተር ድምፅ ሰምተው ወጥተው ነበር። ኮክል የሚባለውን፣ አሸዋ ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ የሚለቅሙ ቻይናውያን ሠራተኞች አሸዋው ላይ ቀርተው ነበር። ብዙዎቹ ከፉጂያን የመጡ፣ ያለ ወረቀት የሚሠሩ ናቸው። ብርድ ነው፣ ጨለማ ነው። 23 ሰው አለቀ። የ21ዱ አስከሬን በወቅቱ ተገኘ።

ከታሪኩ አንድ ነገር አልለቅሽ አለኝ። ቻይናውያኑ ወደ አሸዋው ሲወጡ፣ የአገሩ ለቃሚዎች ሥራ ጨርሰው እየተመለሱ ነበር። ተገናኙ። ቋንቋ የለም። የአገሩ ሰዎች የእጅ ሰዓታቸውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ሊያስጠነቅቋቸው ሞከሩ። ባሕሩ የሚመጣበት ሰዓት ነው ለማለት። አልተግባቡም።

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ። ያገሩ በሬ ነበረ እኮ። መንገድ ላይ ተገናኝተው ነበር። እማማ ይህን ሲነግሩኝ የራሳቸውን የእጅ አንጓ በጣታቸው መቱ። ሰዓት አላሰሩም ነበር። እኔ ያሰብኩት የእኛን ልጆች ነው። በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ያለቁትን። ጀልባው ዳር ቆሞ ያስጠነቀቃቸው ሰው ነበር ይሆን? በምን ቋንቋ? ከቻይናውያኑ ሞት በኋላ እንግሊዝ በዚያው ዓመት ሠራተኛ አቅራቢዎች ያለ ፈቃድ እንዳይሠሩ የሚል ሕግ አወጣች። ጥሩ ሕግ ነው። የዘገየ ነው።

ሚያዝያ ላይ እማማ በትንሿ መኪናቸው ሰንደርላንድ ፖይንት ወሰዱኝ። ከሞርካም በስተደቡብ፣ የሉን ወንዝ ባሕር የሚገባበት ላይ ያለች ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደር ናት። መንገዷ በቀን ሁለት ጊዜ ባሕር ይሸፍነዋል። ደብተሯን ጉልበቴ ላይ ይዤ እኔ ነበርኩ ሰዓቱን የምነግራቸው። ጭቃው መንገዱ ላይ እስካሁን እርጥብ ነበር። የባሕር ሣር ጎማው ሥር ይንሸራተታል።

ላንካስተር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ወደቦች በባሪያ ንግድ አራተኛዋ ነበረች። የሚያምሩት የወንዝ ዳር ቤቶች ከምን ገንዘብ እንደተሠሩ ያኔ ነው ያሰብኩት። ሰንደርላንድ ፖይንት መርከቦች የሚቆሙባት ነበረች። በ1736 ገደማ አንድ ጥቁር ልጅ፣ የመርከብ አዛዥ አገልጋይ ሆኖ መጥቶ እዚያ ሞተ ይባላል። ክርስቲያን አይደለም ተብሎ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ፣ ማሳ ጥግ ላይ፣ ወደ ባሕሩ ዞሮ ተቀበረ። ከ60 ዓመት በኋላ በ1796 ሰው ገንዘብ አዋጥቶ የመታሰቢያ ጽሑፍ አስቀመጠለት።

ቦታው ጠባብ ነው። መቃብሩ ላይ ልጆች ቀለም የቀቡዋቸው ጠጠሮች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ቢራቢሮ። አንዱ ላይ ፀሐይ። አንዲት ጠጠር ዝናብ አጥቧት ቀይ ቀለሟ ጠርዟ ላይ ብቻ ቀርቷል። ስሙ ሳምቦ ተብሎ ተጽፏል። በዚያን ዘመን ላገኙት ጥቁር ሁሉ የሚሰጡት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት አይደለም። ማንም አልጠየቀውም፤ ወይም ጠይቆ አልጻፈም። ማቀዝቀዣው ላይ ያለችው ወረቀት ትዝ አለችኝ። እማማን አየኋቸው። ጎንበስ ብለው አንድ የወደቀ ጠጠር እያቃኑ ነበር። ብዙ አልቆየንም። ባሕሩ ሊመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር የቀረው።

ሐምሌ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን አጋምሼ፣ ባሕረ ሰላጤውን በእግር ልሻገር አልኩ። ለብቻ የሚሞከር አይደለም። ከ1548 ጀምሮ መንገደኛውን በአሸዋው ላይ የሚመራ፣ በሹመት የሚቀመጥ ሰው አለ። ያኔ የነበሩት ሴድሪክ ሮቢንሰን ናቸው። ከ1963 ጀምሮ ሲመሩ ኖረው 83 ዓመታቸው ነበር። ደመወዛቸው በዓመት 15 ፓውንድና የሚኖሩበት ቤት ነበር። አልተሳሳትኩም፤ በዓመት። በየጊዜው አስቀድመው አሸዋውን ፈትሸው የሎረል ቅርንጫፍ እየተከሉ መንገዱን ያመላክቱ ነበር። ባለፈው ሳምንት ያለፉበት ዛሬ ላይሆን ስለሚችል።

እማማ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው አልመጡም። ማታውን ግን አላስተኙኝም። አጭር ሱሪ ልበሺ፣ አሮጌ ጫማ አድርጊ፣ ውሃ ያዢ። ሁለተኛ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ። ይህን የካልሲውን ነገር ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።

ከአርንሳይድ ተነስተን ወደ ኬንትስ ባንክ ተሻገርን። 13 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሕፃናት፣ ውሾች፣ ሽማግሌዎች፣ መቶ የሚሆን ሰው ነን። የኬንት ወንዝ ላይ ስንደርስ ሰውየው ሁላችንንም በአግድም አሰለፉን። አንዱ የሌላውን ዱካ ተከትሎ እንዳይሄድ ነው። ብዙ እግር አንድ ቦታ ሲረግጥ አሸዋው ይላላል። ከዚያ በበትራቸው ጠቆሙ። ገባን። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጉልበቴን አለፈ፣ ጭኔ ጋ ደረሰ። ከእግሬ ሥር አሸዋው ሲሄድ ይሰማኛል። አንዲት የማላውቃት ሴት እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያዝኳት። ማዶ ስንወጣ ለቀቅኳት። ስሟን ጠየቅኳት፣ ስሜን ጠየቀችኝ።

ስመለስ በባቡር ነው የመጣሁት። ሐዲዱ ወንዙን በረጅም ድልድይ ይሻገራል። በመስኮት ሳይ የተራመድንበት ሁሉ ውሃ ሆኗል። የተተከሉት ቅርንጫፎች አይታዩም። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

«ደረስኩ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ካልሲ ቀየርሽ?» አሉኝ።